ያለምወርቅ ክርስትና ያነሳች ዕለት

ደብረ ማርቆስ፣ ከመናኸሪያው ጀርባ፣ ያለምወርቅ የምትባል ልብስ ሰፊ አለች። ጥልፍ ቀሚስ ያሰፋም፣ የተማሪ ልብስ ያስጠበበም ያውቃታል። ስትሰፋ አታወራም፣ ስታወራ አትሰፋም። መርፌዋን በከንፈሯ ይዛ የሰው ብሶት ስታዳምጥ ያየ ሁሉ «ይች ሴት ምስጢር ትጠብቃለች» ይላል። እውነቱን ነው፤ የሰው ምስጢር ከእሷ ዘንድ ወጥቶ አያውቅም። የራሷን ምስጢር የት እንዳስቀመጠች ግን ስሙና ፍረዱ።

ያስቀመጠችው ወንጌላዊት የምትባል ጓደኛዋ ዘንድ ነው። ሁለቱም የአማኑኤል ከተማ ልጆች ናቸው፤ ቤታቸው አጥር ለአጥር ነበር። የያለምወርቅ ወላጆች አራሾች፣ የወንጌላዊት አባት ቄስ ወልደ ሰንበት የደብሩ አገልጋይ። ትምህርት ቤት አንድ ወንበር፣ ገበያ አንድ ጥላ፤ አንዷ ስትገረፍ ሌላዋ ታለቅሳለች። እናቶቻቸው «እነዚህን የሚለያቸው ባል ብቻ ነው» እያሉ ይቀልዱ ነበር። ቀልድ ነበር እንግዲህ።

ዘጠነኛ ክፍል ሲደርሱ ምስጋናው መጣ። መጣ ማለት፣ ድሮም እዚያው የነበረ ልጅ ነው፤ የእትየ ጥሩብርሃን የበኩር ልጅ፣ ከትምህርት መልስ ወፍጮ ቤት የሚያግዝ፣ ቅንድቡ ሳይቀር ዱቄት የሚለብስ። በዚያ ዓመት ግን ያለምወርቅ አየችው፣ እሱም አያት። ከዚያ ወዲያ የቤቱ እህል ሁሉ በቁና በቁና ይፈጭ ጀመር። እናቷ «ምነው ልጄ፣ ይህን ጤፍ አንድ ጊዜ ወስደሽ ብትገላገይው ምን አለበት?» እስኪሉ ድረስ ወፍጮ ቤት ተመላለሰች። ነገሩን የሚያውቅ አንድ ሰው ብቻ ነበር። መልእክት የምታመላልሰው፣ መንገድ ላይ ቆማ ሰው መምጣት አለመምጣቱን የምታየው ወንጌላዊት ነበረች።

ክረምቱ ወጥቶ ሜዳው አደይ ሲለብስ እትየ ጥሩብርሃን ሳይታሰብ ሴት ልጅ ተገላገሉ። ሴት ልጅ በሰማንያ ቀኗ ነው ክርስትና የምትነሳው። ለክርስትና እናትነት የተመረጡት የእትየ ጥሩብርሃን እኅት ነበሩ፤ ከመርጡለ ማርያም ተጉዘው ከዋዜማው ገብተዋል። ጎሕ ሲቀድ ግን የወር ግዳጃቸው መጣባቸው፤ እንዲህ ሆኖ ደግሞ ቤተ ክርስቲያን አይገባም። እትየ ጥሩብርሃን ልጅቱን እንደታቀፉ ግራ ገባቸው። ካህናቱ ይጠብቃሉ፣ ድግሱ ተደግሷል፣ ቀኑ አይሻገር ነገር።

ሥራ ሊያግዙ እዚያው ያደሩ ሁለት ልጃገረዶች ነበሩ። እትየ ጥሩብርሃን መጀመሪያ ያዩት ወደ ቄሱ ልጅ ነው፤ ዳዊት የደገመች፣ ጾም የማትስት። «በይ ወንጌል፣ አንች አንሽልኝ» አሏት። ወንጌላዊት መሬት መሬት እያየች «እኔም ዛሬ አይቻለኝም፣ እትየ» አለች። ሴቶቹ ገባቸው። አንድም የጠየቃት የለም፤ እንዲህ ያለ ነገር አይጠየቅም።

ያን ጊዜ ወደ ያለምወርቅ ዞሩ። እሷ ምን አሰበች? ምንም አላሰበችም፣ ደስ አላት እንጂ። የምትወደው ልጅ እናት ሕፃናቸውን በክንዷ ላይ አኖሩላት፤ ወደዚያ ቤት የምትገባበት በር የተከፈተላት መሰላት። አበልጅ እንደማይጋባ መቼም ያልሰማ የለም፣ እሷም ሰምታለች። ግን ነገሩ በክርስትና እናትና በሕፃን አባት መካከል ብቻ ያለ ይመስላት ነበር፤ እስከ ወንድም ይደርሳል ብላ አልጠረጠረችም። ወንጌላዊት ነጠላዋን አስተካከለችላትና «በይ ሂጂ፣ ረፈደ» አለቻት። ሄደች። ሕፃኗን መቅደላዊት አሏት፣ መቅዲ።

ከቅዳሴ መልስ ድግሱ ላይ ቄስ ወልደ ሰንበት መረቁ። ከምርቃቱ በኋላ ጠላ ወደሚቀዳው ምስጋናው ዞረው፣ እየሳቁ፣ «አንተ ዛሬ ሁለት እኅት ነው ያገኘኸው። ይችን ሕፃንና ያለምወርቅን። ይህ ዝምድና ከሥጋ ይጠብቃል» አሉት። ሰው ሁሉ አሜን አለ። ምስጋናው ማንቆርቆሪያውን መሬት አስቀምጦ ወጣ። ያለምወርቅ ሕፃኗን ታቅፋ ተቀምጣ ነበር፤ የሠራችው ነገር የገባት ያን ጊዜ፣ ያ ሁሉ ሰው አሜን ሲል ነው።

በሳምንቱ ወንዝ ዳር አገኛት። «ባትፈልጊኝ በአፍሽ አትነግሪኝም ነበር? በታቦት ፊት ነው እንዴ እምቢ የሚባለው?» አላት። አፏን ስትከፍት ዕንባዋ ቀደማት። እሱ ዕንባዋን አዎ ነው ብሎ ወሰደውና ሄደ። ይህችን የወንዝ ዳር ቃል ለማንም አልተናገረችም፤ ለወንጌላዊትም እንኳን። አፈረች።

ከዚያ በኋላ ያለውን በአጭሩ ልንገራችሁ። አሥረኛን ሳትጨርስ ማርቆስ አክስቷ ዘንድ ገባች፣ ስፌት ተማረች፣ መኪናዋን ገዛች። አንድ ሾፌር አግብታ ነበር፤ ክፉ ሰው አልነበረም፣ ግን አልሆነም፤ ልጅም አልመጣ፣ በሰላም ተለያዩ። ምስጋናው አማኑኤል የራሱን ወፍጮ አቁሞ ሚስት አገባ፣ ወለደ። በዓል ሲመጣ ዘመድ ናቸውና ይገናኛሉ። «እንደምን ከረምሽ አበልጄ» ይላታል። አበልጄ ሲላት ውስጧ አንድ ነገር ይቆረጣል፤ ቢሆንም ፈገግ ብላ «እግዜር ይመስገን» ትላለች። መቅዲ ከፍ ስትል ማርቆስ ለመማር መጥታ ከእሷ ጋር ተቀመጠች። «እታለም» እያለች ትጠራታለች፤ ያለምወርቅ ያለሷ ቁርስ አይወርድላትም።

ይህ ሁሉ ሆኖ የምትወቅሰው ራሷን ነበር። የእኔ አለማወቅ፣ የእኔ መቸኮል፣ የእኔ ሞኝነት። ወንጌላዊትም አዲስ አበባ ቴአትር ተምራ እዚያው ብትቀርም አልረሳቻትም። የያለምወርቅ እናት ሲሞቱ መጣች፤ ባሏን ስትፈታም መጣች። አንገቷን አቅፋ «ባለማወቅ ያደረግሽው ነው፣ እግዜር አይይዝብሽም» እያለች አብራት ታለቅሳለች። እንዲህ ያለ ወዳጅ ከየት ይገኛል፤ ያለምወርቅ ጧፍ ባበራች ቁጥር ስሟን ትጠራላት ነበር።

አምና ተዘግቶ የከረመው መንገድ በተከፈተ ሰሞን ወንጌላዊት ካሜራና ሁለት ባልደረባ ይዛ መጣች። ፊልም ልትሠራ ነው። «ከኋላዬ ድርጅት የለም፣ በራሴ ነው የምሠራው። ስለ ልጅነታችን ነው፣ ስለ ጓደኝነት፣ ስለ መጀመሪያ ፍቅር» አለቻት። ያለምወርቅ ደስታዋን ማን ይናገረው። የልጃገረዶቹን የተማሪ ልብስ እሷ ሰፋች። የሕፃን የክርስትና ቀሚስም ሲታዘዝ «ክርስትናውም አለበት እንዴ?» ብላ ጠየቀች። «ትንሽ ነገር ናት፣ ዝም ብላ ታልፋለች» አለቻት ወንጌላዊት። ያለምወርቅ አመነች፣ ነጩን ጨርቅ ቆረጠች።

እሷ ስትሰፋ ወንጌላዊት ደጃፉ ላይ ተቀምጣ ትጠይቃታለች። ያን ጊዜ ምን ተሰማሽ? ወፍጮ ቤት ስትሄጂ ምን ምን ይል ነበር ልብሽ? በመጨረሻ ምስጋናው ምን አለሽ? ያለምወርቅ ለመጀመሪያ ጊዜ መርፌዋን አስቀምጣ የወንዝ ዳሩን ቃል ነገረቻት። ወንጌላዊት እጇን በጉንጯ ላይ አድርጋ ሰማች፤ ዐይኗ ዕንባ ሞላ። «ይህን ሁሉ ለብቻሽ ተሸክመሽ» አለቻት። ያለምወርቅ ቀለል ብሏት አደረች።

ፊልሙ ያለቀ ጊዜ ወንጌላዊት ያገሬ ሰው መጀመሪያ ይየው ብላ በማርቆስ አዳራሽ እሑድ ከሰዓት ጠራች። ከአማኑኤልም ሰው መጣ። እትየ ጥሩብርሃን በከዘራ፣ ምስጋናው ከሚስቱ ጋር፤ የጠራቻቸው መቅዲ ናት። ቄስ ወልደ ሰንበት ዐይናቸው ደክሟልና አልመጡም። ያለምወርቅን ወንጌላዊት ራሷ እጇን ይዛ ከፊት አስቀመጠቻት። በአንድ ጎኗ መቅዲ፣ በአንድ ጎኗ ወንጌላዊት።

ፊልሙ ዝምተኛ ነው። ልጃገረዶች በእርሻ መካከል ይሄዳሉ፣ ነፋስ ባሕር ዛፉን ያወዛውዘዋል፣ ማንም ብዙ አይናገርም። ከኋላ ያሉ ጎረምሶች «ድምፁ ተበላሸ እንዴ?» ብለው ሳቅ አስነሡ። ያለምወርቅ ግን አልሳቀችም። የሰፋችው ልብስ ሰው ሆኖ ሲራመድ እያየች ነበር። በእሷ ፈንታ የምትጫወተው ልጅ ቆንጆ ናት፤ ጸጉሯ የተሠራ፣ አንገቷ መለሎ። ቆይታ ቆይታ ግን አንድ ነገር ታወቃት። ልጅቱ አትናገርም። ትስቃለች፣ ታፍራለች፣ ትሄዳለች፤ ቃል የላትም። የምታስበው፣ የምትጨነቀው፣ ሌሊት የምትገላበጠው ሌላዋ ናት፣ በወንጌላዊት ፈንታ የምትጫወተው። ሁለቱ ወፍጮ ቤት ውስጥ ሲሣሣቁ እሷ ደጅ ቆማ ትታያለች። ልጁን ትወደዋለች። ያለምወርቅ ይህን አታውቅም ነበር። ደነገጠች፣ አዘነችላትም። «ምነው ብትነግሪኝ» ብላ እጇን ጭብጥ አደረገቻት። ወንጌላዊት ከሸራው ላይ ዐይኗን አላነሳችም።

ከዚያ እራት ቀረበ። ቄስ የሆነ አባት ከልጁ ጋር ይበላል። ልጅቱ እንደ ዋዛ ትጠይቀዋለች፤ «አባባ፣ ክርስትና ያነሳች ሴት የልጅቱን ወንድም ማግባት ትችላለች?» አባት እየጎረሰ «እኅቱ ሆነች እኮ ልጄ። እስከ ዕለተ ሞት» ይላል። ካሜራው የልጅቱ ፊት ላይ ይቆያል።

ቀጥሎ ጎሕ ይቀዳል። ያ ግቢ ነው፤ ሕፃን ታቅፈው ግራ የገባቸው ሴት አሉ። «አንች አንሽልኝ» ይሏታል። ልጅቱ መሬት መሬት እያየች «እኔም ዛሬ አይቻለኝም» ትላለች። ሴቶቹ ወደ ሌላዋ ሲዞሩ ልጅቱ ወደ ጓዳ ትገባለች፣ በሩን ትዘጋለች፣ ቁጭ ትላለች። ምንም ግዳጅ የለባትም። ውሸቷን ነው። አዳራሹ ውስጥ አንዲት ሴት «ውይ በሞትኩት» አለች።

ያለምወርቅ እጇን ከወንጌላዊት እጅ አወጣች። ራሷ የሰፋችው ነጭ ቀሚስ በሸራው ላይ ሲጠመቅ አየች። ከዚያ ወንዙ መጣ፣ ልጁም መጣ፣ አፉንም ከፈተ። «በታቦት ፊት ነው እንዴ እምቢ የሚባለው?» አለ። ያችኑ ቃል። ስንት ዓመት ለማንም ያልነገረቻትን፣ በልቧ ሸፍና ያስቀመጠቻትን ቃል፣ አንድ የማታውቀው ልጅ ለአንድ አዳራሽ ሰው ተናገራት። ያመኑት ፈረስ ይጥላል በደንደስ ይላሉ። የያለምወርቅ ፈረስ አንድ ጊዜ ጥሎ አልበቃውም፤ ተመልሶ መጥቶ የወደቀችበትን ለሕዝብ አሳየ።

ሰው አለቀሰ። ለማን አለቀሰ መሰላችሁ? ደጅ ቆማ ለቀረችው፣ በፍቅር ታውራ ለበደለችው፣ ዕድሜ ልኳን ስትጸጸት ለምትኖረው ልጅ ነው ያለቀሰው። ያችን ቃል የሌላትን ልጅ ማን ያስታውሳታል። የፊልም ነገር ይኸው ነው፤ ካሜራው ለያዘው ሰው ያደላል።

መብራት ሲበራ ወንጌላዊት መድረክ ላይ ወጣች፤ ድምፅ ማጉያውን ያዘች። «ይህ ፊልም ይቅርታ ነው። ይቅርታ የምጠይቃት ሰው እዚህ አለች። የሠራሁባትን ሳልነግራት ኖርኩ፣ ፊት ለፊት ድፍረት አጣሁ። ያለምዬ፣ ተነሽልኝ» አለች። ሰው ሁሉ ዞረ። አንድ ሽማግሌ «ተነሽ ልጄ፣ ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት አይሆንም» አሏት። ምን ታድርግ? በዚያ ሁሉ ሰው ፊት መቀመጥ ነውር ሆኖባት ተነሣች። አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ። ወንጌላዊት ወርዳ አንገቷ ላይ ተጠመጠመች። ያለምወርቅ እጇ ወደ ታች እንደተንጠለጠለ ቆመች፤ አላቀፈቻትም፣ አልገፋቻትም። ሰው ግን ታረቁ አለ፣ ሁለት ሦስት ሴቶች እልል አሉ።

ደጅ ስትወጣ ፀሐዩ ዐይኗን ወጋት። ምስጋናው ከግንቡ ጥግ ቆሞ ይጠብቃታል፤ ሚስቱ እናቱን ደግፋ ወደ ባጃጁ ሄዳለች። ጸጉሩ ሸብቷል፤ አሁን ዱቄት አይደለም።

«እኔ እኮ አውቀሽ ያደረግሽው ነበር የሚመስለኝ» አላት።

«አውቃለሁ።»

«እንዲህ ነው ብትይኝ ምን ነበረበት?»

«እኔስ መች አወቅሁ፣ ምስጋናው? እኔም እኮ ዛሬ ነው ያየሁት፣ ካንተ ጋር።»

ሊል ያሰበው ብዙ ነገር ነበር፤ ከፊቱ ይታያል። ምን ይላል? ሚስት አለው፣ ልጆች አሉት፣ በመካከላቸው ደግሞ በታቦት ፊት የታሰረ ዝምድና አለ፤ በውሸት ታሰረ ተብሎ አይፈታም። ሚስቱ ከወዲያ ጠራችው። «በይ ደኅና ዋይ፣ አበልጄ» አላት። እሷም «ደኅና ግባ» አለችው።

መቅዲ ክንዷን ያዘች። ልጅቱ ከፊልሙ ጀምሮ ስታለቅስ ነው፤ ፊቷ አብጧል። «እታለም፣ እኔ ባልወለድ ኖሮ» ብላ ጀመረች። ያለምወርቅ ሳታስጨርሳት አፏን በመዳፏ ከደነች። «እንዲህ ያለ ነገር ሁለተኛ እንዳልሰማ። አንችን የሰጡኝ እናትሽ ናቸው። ሌላው ሌላ ነው» አለቻት። ተቆጥታ ነው ያለቻት፣ ልጅቱ እስክትደነግጥ። ከዚያ ሳብ አድርጋ ግንባሯን ሳመቻት።

ወንጌላዊት እየሮጠች ደረሰችባቸው። ዐይኗ ቀልቷል፣ ፊቷ ግን በርቷል። ሸክም የወረደለት ሰው ፊት ነበረ። «ያለምዬ፣ ሰውን አየሽው? እንዴት እንዳለቀሰ አየሽ?» አለች። ቀጥላም ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ «ይቅር አልሽኝ አይደል?» አለቻት።

«ሕዝቡን ነው የጠየቅሽው። ሕዝቡ ይቅር ብሎሻል፣ እልል ብሎልሻል» አለች ያለምወርቅ።

«አንችስ?»

«እኔንማ መች ጠየቅሽኝ፣ ወንጌል? ደጃፌ ላይ ስንት ቀን ተቀምጠሽ ስሰፋ ስታይኝ ከረምሽ። የልጅቱን ቀሚስ ስቆርጥ እያየሽኝ ነበር። ቃሌን ስትወስጂብኝ ሰው አልነበረም፣ ሁለታችን ብቻ ነበርን። ያኔ መጠየቅ ትችይ ነበር። ይኸው አሁንም ማንም የለም። ጠይቂኝ።»

እውነትም ማንም አልነበረም። ሰው ገና አዳራሹ በር ላይ እየተጋፋ ነው። መቅዲ ሁለት እርምጃ ራቅ አለች። ያለምወርቅ ቆማ ጠበቀች፤ ከልቧ ነው የጠበቀችው። አንዲት ቃል ብትሰማ ምን እንደምታደርግ ራሷም አታውቀውም ነበር፤ ልትቀበላት ትችል ነበር፣ ፊቷን ልታዞርባት ትችል ነበር። ወንጌላዊት አፏን ከፈተች፣ መሬት መሬት አየች።

በዚህ መሐል ከኋላ «ዳይሬክተሯ የታል? አንድ ፎቶ» የሚል ድምፅ መጣ። ወንጌላዊት ዞር አለች። «አንድ ጊዜ ያለምዬ፣ አሁን መጣሁ፣ እዚሁ ጠብቂኝ» አለችና ነጠላዋን እያስተካከለች ወደ ሰዎቹ ሄደች።

ያለምወርቅ ትንሽ ቆመች። ወዲያ ማዶ ወንጌላዊት በሰው መካከል ስትስቅ፣ አንዷ ስታቅፋት፣ ሌላው ጎኗ ሲቆም አየች። ከዚያ «ነይ እንሂድ፣ ልጄ» አለችና የመቅዲን እጅ ይዛ ወደ ቤቷ ሄደች።